አዲሱ ላፕቶፔ እንደ ወናፍ ያናፋል፤ ምኑን ልመርምር?

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፑን ከገዛሁት ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። አዲስ ነው፤ ካርቶኑን የከፈትኩት ራሴ ነኝ። ከባድ ሥራ አልሠራበትም። ጽሑፍ እጽፋለሁ፣ ብራውዘር ላይ ስምንት ዘጠኝ ታብ እከፍታለሁ፣ በቀን አንድ የቪዲዮ ስብሰባ አለኝ። ጌም የሚባል ነገር የለበትም። ግን ፋኑ በየአራት አምስት ደቂቃው ይነሳል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ያናፋና ጭጭ ይላል። ከዚያ እንደገና። ቀን ላይ ብዙም አይታወቀኝም። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር መስማት አቁሟል። ፋኑ ዝም ባለበት ሰዓት እንኳ አሁን ሊነሳ ነው እያልኩ እጠብቀዋለሁ። መጠበቁ ከድምፁ ይብሳል።

ለመመለስ የተሰጠኝ 14 ቀን ነው፤ 5 ቀን ቀርቶኛል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይሄ ብልሽት ነው ወይስ የአዲስ ላፕቶፕ ጠባይ? ብልሽት ካልሆነስ ምኑን ልመርምር? ፋኑን በግድ ዝም የሚያሰኝ ፕሮግራም አልፈልግም። ፋን ያለ ምክንያት አይነሳም። ምክንያቱን ማወቅ ነው የምፈልገው።

ይህን ከጻፍኩ ሦስት ቀን ሆነ። 31 ምላሽ ተሰብስቧል፤ አንዳንዱ የእኔው ነው። ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብደው፣ የተባለውን በራሴ አገላለጽ ከነቁጥሩ እዚህ አስቀምጣለሁ። የሞከርኩትንም አብሬ እጽፋለሁ።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው ሰው እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጀመረ። አዲስ ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ ይበዛበታል አለ። አፕዴት ያወርዳል፣ ፋይሎችን ለፍለጋ እንዲመቹ ይመዘግባል፣ ጸረ ቫይረሱ ሁሉን ነገር አንድ ጊዜ ይፈትሻል፣ ፎቶና ሰነድ ከኦንላይን ማከማቻ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ከጀርባ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይታይ ፕሮሰሰሩ ይሞቃል። ሌሊቱን ከቻርጀር ጋር አገናኝተህ ተወው፣ ሲጨርስ ይረጋጋል ብሎ መከረኝ። ደግ ምክር ነው። ለብዙ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

ምላሽ 2። በአንድ መስመር ሂድና መልስ አለኝ። ሌላ ቃል የለውም።

ምላሽ 3። ከምላሾቹ ሁሉ ብዙ የጠቀመኝ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስቀምጠው። የጻፈችው እህት ሙያዋ ጥገና ይመስለኛል። መጀመሪያ ድምፁን በደንብ ግለጽ አለችኝ። ጫጫታ አለው ማለት ለምርመራ አይበቃም። አንድ መካኒክ ሞተር ከመክፈቱ በፊት ቆሞ እንደሚያዳምጠው ሁሉ፣ እኔም ካቻቪቴ ከማንሳቴ በፊት ጆሮዬን እንድጠቀም ነገረችኝ።

ከዚያ ድምፆቹን ለየቻቸው። ሽሽሽ የሚል የነፋስ ድምፅ ከሆነ ፋኑ ጤነኛ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ሙቀቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ቀጭ ቀጭ ወይም ትርርር የሚል ከሆነ ክንፉን የሚነካ ነገር አለ፤ ያልታሰረ ሽቦ፣ የተላቀቀ ፕላስተር ወይም ቁራጭ ላስቲክ። ጉርርር እያለ ጠረጴዛውን የሚያንዘፈዝፍ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም የፋኑ ሚዛን ተጠርጣሪ ነው። ይህኛው ላፕቶፑን ስታዘነብለው ይለዋወጣል፤ ነፋሱ ግን አይለወጥም። በጣም ቀጭን፣ ሲሲሲ የሚል ፉጨት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ከፋኑ ላይመጣ ይችላል። ይሄን የመጨረሻውን በቅጡ ሳላነበው አለፍኩት። ኋላ ላይ ዞሬ መጣሁበት።

አንድ ሥራም ሰጠችኝ። ፋኑ በተነሳ ቁጥር ወረቀት ላይ አራት ነገር እንድጽፍ፦ ሰዓቱን፣ ምን ከፍቼ እንደነበር፣ ላፕቶፑ ምን ላይ እንደተቀመጠ፣ ምን ምን ገመድ እንደተሰካበት። አንድ ቀን ሙሉ።

ምላሽ 4። ይሄኛው ቁጥር 1ን በትህትና አረመ። የፋይል ምዝገባ 9 ቀን አይፈጅም አለ፤ ፈጅቶ ከሆነ አንድ ነገር ተሰናክሏል ማለት ነው። የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር በኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ ከፍተህ ዝርዝሩን በፕሮሰሰር አጠቃቀም ደርድረው አለኝ። የጨመረልኝ ጥንቃቄ ግን ከምክሩ ይበልጣል። ታስክ ማናጀር ራሱ ሲከፈት ለጥቂት ሰከንድ ፕሮሰሰሩን ያሠራዋል። ስለዚህ ወዲያው ያየሁትን ቁጥር ማመን የለብኝም። ደግሞ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚጀመሩና ማውሱን ስትነካ የሚቆሙ የጥገና ሥራዎች አሉ። ልይ ብለህ ስትጠጋ ይጠፋሉ። መስኮቱን ክፍት ትተህ እጅህን ሰብስበህ ተመልከት አለኝ።

ምላሽ 5 እና 6። ሁለቱም ስለ አቀማመጥ ነው። አልጋና ትራስ ላይ ስታስቀምጠው ከሥር ያለው የአየር ቀዳዳ ይደፈናል። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ ከኋላ በኩል አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው። 6 ደግሞ ከኋላው ያለው ቀዳዳ ከግድግዳ ጋር መጣበቅ እንደሌለበት አስታወሰ፤ የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባልና። ሞከርኩት። ጥቂት ረድቶኛል፤ ግን መነሳቱን አላቆመም።

ምላሽ 7 የእኔ ነው። የወረቀቴን ውጤት አስቀመጥኩ። በአንድ ቀን ፋኑን 41 ጊዜ መዝግቤዋለሁ። ድምፁ ነፋስ ነው፤ ቀጭ ቀጭ የለውም፣ ሳዘነብለው አይለወጥም። የሚገርመው ዝም ብዬ ጽሑፍ ሳነብም ይነሳል። ፕሮሰሰሩ በዚያ ሰዓት 3 እና 4 በመቶ ላይ ነው። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የተሰካበት ቻርጀር፣ ማውስና ትልቁ ስክሪኔ ነው። አንድ ነገርም ጨመርኩ። ፋኑ ዝም ሲል ከሥሩ የቀረች ቀጭን ፉጨት ያለች ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም ብዬ ጻፍኩ።

ምላሽ 8። ይህ ሰው የፕሮሰሰርን ጠባይ አስረዳ። አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ትንሽ ሥራ ሲያገኙ ለአጭር ጊዜ ከመደበኛ ፍጥነታቸው በላይ ይዘላሉ፤ ቱርቦ የሚባለው ነው። ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጅም መጨመር አለበት። የሚበላው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ያድጋል። ለምሳሌ ፍጥነቱ በ20 በመቶ፣ ቮልቴጁ በ15 በመቶ ቢጨምሩ፣ ኃይሉ ወደ 59 በመቶ ገደማ ያድጋል። ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። መጨረሻ ላይ የምትጨመረዋ ትንሽ ፍጥነት ዋጋዋ ትልቅ ነው ማለት ነው። እሱ ያቀረበው መፍትሔም በኃይል አጠቃቀም ሴቲንግ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ ነው። አንድ በመቶ ብቻ ይመስላል፤ ግን ቱርቦውን ያጠፋዋል።

ምላሽ 9። ተቃወመ፤ ግን በጨዋነት። የ99 በመቶው ዘዴ እውነት ነው፣ ሆኖም መደበኛ ፍጥነታቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቀጫጭን ላፕቶፖችን ያንቀራፍፋቸዋል አለ። ታብ ስትከፍት ሁሉ ትማረራለህ። ይልቅ ከአምራቹ ፕሮግራም ውስጥ ጸጥተኛ የሚባለውን አሠራር ምረጥ። እሱ ቱርቦውን አያጠፋውም፤ ገደብ ያበጅለታል፣ ፋኑም ትንሽ ዘግይቶ እንዲነሳ ያደርጋል። ሁለቱንም ሞከርኩ። 9 ልክ ነው። በ99 በመቶ ላፕቶፑ እንደ አሮጌ ሆነብኝ። በጸጥተኛው አሠራር ግን ሥራዬ ላይ ልዩነት አላየሁም። መነሳቱ ከ41 ወደ 26 ወረደ። አልጠፋም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ።

ምላሽ 10። ይሄ ሁሉ ሴቲንግ ጊዜ ማባከን ነው አለ። ፋብሪካዎች ቴርማል ፔስቱን፣ ማለትም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ቅባት፣ ይለቀልቁታል እንጂ በሥርዓት አይቀቡትም። ክፈተው፣ ጥረገው፣ ጥሩውን ቀባ፣ በዚያውም ቮልቴጁን ቀንስ። አለቀ።

ምላሽ 11። ይህችኛዋ ቁጣዋ ከመጀመሪያው ቃል ያስታውቃል። ዘጠኝ ቀን የሆነውን፣ ለመመለስ አምስት ቀን የቀረውን ዕቃ ክፈት ብሎ መምከር ሰውን ገደል መክተት ነው አለች። አንድ ብሎን ላይ ጭረት ከታየ የመመለስ መብቱ ሊያከራክር ይችላል። ችግሩ የሶፍትዌር ቢሆንስ? ለምን ቅባት ይነካል?

ምላሽ 12። 10 ተመልሶ መጣና ብሎን የሚፈራ ሰው ኮምፒውተር ባይገዛ ይሻለዋል አለ። እሱ የራሱን ላፕቶፕ በፈሳሽ ብረት ቀብቶ በ12 ዲግሪ እንዳወረደው ጻፈ። እኔንም እንደዚያው እንዳደርግ ነገረኝ።

ምላሽ 13። አንድ ሰው ሁለቱንም ረጋ በሉ አላቸው። ሰውየው እርዳታ ነው የጠየቀው አለ።

ምላሽ 14። ለእኔ ጠቡን የዘጋው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ስድብ የለበትም፣ ማስረጃ ብቻ ነው። ፈሳሽ ብረት የሚባለው ቅባት ጋሊየም አለበት። ጋሊየም አሉሚኒየምን ይበላል፤ ብረቱ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ አንዲት ጠብታ የማይነካ ቦታ ብትደርስ ሰሌዳው ይቃጠላል። ያንን ለጀማሪ አይመክሩም። ቮልቴጅ መቀነሱንም በተመለከተ፣ በታኅሣሥ 2019 በፈረንጆች አቆጣጠር ፕለንደርቮልት የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ከተገለጠ በኋላ ኢንቴል ያንን በር የሚዘጋ ማስተካከያ አውጥቷል። ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ሴቲንጉ ተቆልፏል። ስለዚህ ምክሩ ቢሰጥም ላይሠራ ይችላል።

የኔን ሐሳብ ልጨምር። 11 ልክ ነበረች። 10 ግን ሁሉም ነገሩ ስህተት አይደለም። ዓመታት የሠራ ላፕቶፕ ላይ ፔስቱ በመሞቅና በመቀዝቀዝ ብዛት ከመሃል ወደ ዳር እየተገፋ ይወጣል፤ ያኔ መቀየሩ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ችግሩ ምክሩ ለእኔ ዕቃ አለመሆኑ ነው። 10 ይህን ሲያነብ እንዲቀየመኝ አልፈልግም፤ ለመርዳት ብሎ ነው የጻፈው።

ምላሽ 15። ስለ ድምፁ ራሱ የጻፈ ሰው አገኘሁ፤ ደስ አለኝ። ብዙ ሰው የፋኑን ፍጥነት ጥቂት መቀነስ ምን ይጠቅማል ይላል። እሱ ግን በቁጥር አሳየ። ፋን የሚገፋው አየር ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይቀንሳል። ድምፁ ግን ከዚያ በጣም ፈጥኖ ይወርዳል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ ወደ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። በደቂቃ ከ4000 ዙር ወደ 3200 ቢወርድ እንኳ አየሩ የሚቀንሰው 20 በመቶ ነው፤ ድምፁ ግን ወደ 5 ዴሲቤል ይወርዳል። ለጆሯችን 10 ዴሲቤል ማለት በግምት የድምፁ እጥፍ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን በትንሹ ብትቀንስ ጆሮህ በብዙ ያርፋል አለ።

ምላሽ 16። በዚሁ ላይ ሌላ ሰው ቀጠለ። ሁሉም የፋን ድምፅ እኩል አያውክም። አንድ ፋን 37 ክንፍ ቢኖረውና በደቂቃ 3600 ዙር ቢዞር፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። 60 በ37 ሲባዛ 2220 ኸርዝ ይሆናል። ጆሯችን ከምንም በላይ የሚነቃው ከ2000 እስከ 5000 ኸርዝ ባለው ድምፅ ነው። ስለዚህ ያቺ አንድ ቃና ከነፋሱ ተለይታ ትወጋናለች። ለዚህም ነው አንዳንድ አምራቾች ክንፎቹን በእኩል ርቀት የማይደረድሯቸው። አፕል በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ባወጣው ማክቡክ ፕሮ ላይ ይህን አድርጓል። ርቀቱ ሲዘበራረቅ ድምፁ አንድ ቃና ላይ አይከማችም፤ ተበትኖ እንደ ነፋስ ይሰማል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፋኔን በሌላ ጆሮ ሰማሁት።

ምላሽ 17። የፋኑን ክንፍ መቀየር ይቻላል ወይ ብሎ የጠየቀ አለ። 16 አይቻልም፣ ፋኑ እንዳለ ነው የሚቀየረው፤ እሱም ለዚያው ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት ብሎ መለሰለት።

ምላሽ 18። አጭር ግን ያላሰብኩት። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ላይ አየሩ 18 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ብዙ መዞር አለበት። ስለዚህ ቆላ ላይ የተለካ ፋንና ደጋ ላይ የሚሠራ ፋን አንድ ዓይነት ድምፅ አይኖራቸውም።

ምላሽ 19 እና 20። እዚህ ውይይቱ ሌላ መንገድ ያዘ። 19 ላፕቶፑን ዘግቶ ቦርሳ ውስጥ እንደከተተና ሲያወጣው እሳት ሆኖ፣ ፋኑ እየጮኸ እንዳገኘው ተረከ። 20 ያ ነገር ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል አለ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ክዳናቸው ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይተኙም። እንደ ስልክ ግማሽ ነቅተው ኢሜይልና አፕዴት ይጠብቃሉ። ቦርሳ ውስጥ ሳለ አንድ ሥራ ከጀመረ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ቦርሳ ከመክተት በፊት ማጥፋት፣ ወይም ሃይበርኔት ማድረግ (የከፈትከውን መዝግቦ ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ማድረግ) ነው መድኃኒቱ። ከጥያቄዬ ጋር ባይገናኝም ጠቃሚ ስለሆነ እዚህ አስገብቼዋለሁ።

ምላሽ 21 ፋን የሌለው ግዛና ተገላገል አለ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በኅዳር 2020 የወጣውን ኤም 1 ማክቡክ ኤር ጠቀሰ። ምላሽ 22 ፋን የሌለውም ሙቀት አለው፣ ከባድ ሥራ ሲረዝምበት ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ለአንተ ሥራ ይበቃል፣ ለቪዲዮ አቀናባሪ ግን ያስቸግራል አለ። 21 ተናደደ። 22ም መለሰለት። ምላሽ 23 እባካችሁ የሰውየውን ጥያቄ አትርሱ አለች። አመሰግናታለሁ።

ምላሽ 24። ወደ ፉጨቷ የመለሰኝ ይሄ ነው። በቁጥር 7 የጻፍኩትን አንብቦ፣ ፋኑ ቆሞ ፉጨቱ ከቀጠለ ፉጨቱ የፋን አይደለም አለ። ኮይል ዋይን ይባላል። ሰሌዳው ላይ ያሉ የጥቅል ሽቦዎች ኤሌክትሪክ እየተለዋወጠ ሲያልፍባቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ያ መንቀጥቀጥ ነው የሚሰማው። መለያው ቀላል ነው። ፋን ሥራ ሲመጣበት ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ኮይል ዋይን ግን ቅጽበታዊ ነው። ረጅም ገጽ ከፍተህ ወደ ታች ስትሸበልል ፉጨቱ ከእጅህ ጋር አብሮ ከተለወጠ፣ አገኘኸው ማለት ነው። ቻርጀሩን ነቅለህም ሞክር አለኝ።

ሞከርኩት። ጆሮዬን ከቁልፎቹ አጠገብ አድርጌ ገጹን ሸበለልኩ። እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። የእህቴን ልጅ ጠራኋት፤ 11 ዓመቷ ነው። ምንም ሳልነግራት ምን ይሰማሻል አልኳት። ወዲያው ሲሲ ይላል፣ ስትነካው ይቀየራል አለችኝ። ቆሜ ቀረሁ። ለካ ሁለት ድምፅ ነበር፤ እኔ አንዱን ብቻ እያሳደድኩ ነበር።

ምላሽ 25። አንድ ትልቅ ሰው በትህትና ጻፉ። ስድሳ ዓመት እንዳለፋቸውና የራሳቸው ላፕቶፕ ፍጹም ጸጥተኛ እንደሚመስላቸው፣ ልጃቸው ግን ያፏጫል እያለ እንደሚነዘንዛቸው ገለጹ። ዕድሜ ሲገፋ በመጀመሪያ የሚጠፋው የቀጭኑን ድምፅ መስማት ነው አሉ። ስለዚህ ላፕቶፕ ለሌላ ሰው ስትገዙ በእናንተ ጆሮ ብቻ አትፍረዱ ብለው መከሩን። እርስዎ ያሉት ልክ መሆኑን በቤቴ አይቻለሁ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ ብዬ መለስኩላቸው።

ምላሽ 26 ኮይል ዋይን ያለው ላፕቶፕ በቅርብ ይቃጠላል ብሎ አስፈራራ። ምላሽ 27 ያ ትክክል አይደለም ብሎ አረመው። ሽቦው መንቀጥቀጡ የብልሽት ምልክት አይደለም፤ አንድ ዓይነት ሞዴል ሆነው አንዱ የሚያፏጭ፣ ሌላው የማያፏጭ ላፕቶፕ አለ። ግን የሚረብሽህ ከሆነ መመለስ ያለብህ አሁን ነው፤ የመመለሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ አምራቾች ብዙ ጊዜ እንደ ብልሽት አይቆጥሩትም አለ። ይህን ልብ በሉት።

ምላሽ 28። ነፋሱን የፈታው ይሄ ነው። ከብዙ ንባብ በኋላ አንድ ሰው በቁጥር 7 ላይ ትልቁ ስክሪኔ ያልኩትን ያዘ። ላፕቶፔ ሁለት ግራፊክስ (ለስክሪኑ ምስል የሚያዘጋጅ ክፍል) አለው፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለው ትንሹ፣ ሌላው ለብቻው ያለው ትልቁ። ትልቁ ሥራ ሲያጣ መተኛት አለበት። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ግን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው በቀጥታ የተያያዘው ከትልቁ ጋር ነው። ስክሪን ከተሰካበት ትልቁ ግራፊክስ አይተኛም። ምንም ሳትሠራ ሙቀቱ በትንሽ በትንሹ ይጨምራል። የፋኑ መነሻ ላይ ሲደርስ ፋኑ ይነሳል፤ ግማሽ ደቂቃ ሠርቶ ያበርደውና ይቆማል። ደግሞ ይሞላል። ልክ እንደሚንጠባጠብ ባልዲ። ፕሮሰሰሩ 3 በመቶ ላይ ሆኖ ፋኑ ለምን እንደሚነሳ ያኔ ገባኝ።

ስክሪኑን ነቀልኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የትልቁ ግራፊክስ ሙቀት መነበብ አቆመ፤ ተኝቷል ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ሠራሁ፤ ፋኑ አልተነሳም። ከዚያ ያንኑ ስክሪን በዩኤስቢ ሲ በኩል ሰካሁት። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ያ ቀዳዳ ከትንሹ ግራፊክስ ጋር ነው፤ በሌላ ሞዴል ሊለይ ይችላልና እየነቀላችሁ አረጋግጡ። ትልቁ እንደተኛ ቀረ። ጸጥታው ገረመኝ። በዚያ ማታ ሳልጠብቀው ሠራሁ።

በስብሰባ ሰዓት ግን አሁንም ይነሳ ነበር። 28 እንደገና መለሰልኝ። ከጀርባዬ ያለውን የሚያደበዝዘውን አጥፋ አለኝ፤ እያንዳንዱን ምስል ሰውን ከግድግዳ እየለየ ስለሚቀባ ያለማቋረጥ ያሠራል። አጠፋሁት። አሁን በስብሰባ ላይ ፋኑ አለ፤ ግን ዝቅ ያለ ነው፣ ሌሎቹም አይሰሙትም።

ምላሽ 29። ባዮሱን፣ ማለትም ከሰሌዳው ጋር የሚመጣውን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ አፕዴት አድርግ አለች አንዷ። ፋን የሚነሳበትና የሚቆምበት ሙቀት በጣም ከተቀራረበ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ቶሎ ይቆማል። አምራቾች ይህን ልዩነት በባዮስ ማስተካከያ ያሰፉታል። ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ባትሪው ሞልቶ፣ በመሃል ሳይነካ መሆን አለበት ብላ አስጠነቀቀች። ለእኔ ሞዴል አዲስ ነበረው። ጫንኩት። አሁን በቀን የምመዘግበው 4 ወይም 5 ነው፤ እሱም ስብሰባ ላይ። ሲነሳም ባንዴ አያናፋም፤ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ምላሽ 30። ቁጥር 2 ተመልሶ መጣ። ገና በመጀመሪያው መስመር ነግሬህ ነበር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ምን አስለፋህ አለኝ። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር። መልሼ ብወስደውና ሌላ ብቀበል፣ ያንኑ ስክሪን በዚያው ቀዳዳ እሰካው ነበር፤ ያው ድምፅ ይከተለኝ ነበር አልኩት። አልመለሰልኝም። ላፕቶፑን አስቀርቼዋለሁ። ፉጨቷ አለች፤ ጆሮዬን ካላስጠጋሁ አልሰማትም። የእህቴ ልጅ ግን በአጠገቤ ስታጠና ትሰማለች። ለእሷ የምገዛው ቢሆን ኖሮ እመልሰው ነበር።

ምላሽ 31። ዛሬ ጠዋት የገባ አዲስ ሰው ነው። የእሱም ላፕቶፕ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። የእሱ ግን ትርርር ይላል፤ ወደ ግራ ሲያዘነብለው ይጠፋል፣ ሲያቃናው ይመለሳል። ባዮስ ልጫን ወይስ ስክሪን ልንቀል ብሎ ጠየቀኝ። ወንድሜ፣ ያንተ ነፋስ አይደለም አልኩት። ቁጥር 3ን አንብብ፣ ሽቦ ወይም ኩሽኔታ ነው፣ ሴቲንግ አያድነውም። ብሎን እንዳትነካ። ድምፁን ስታዘነብለውም ስታቃናውም በስልክህ ቅዳው። ነገ ጠዋት ከነካርቶኑ ይዘኸው ሂድ።